አክተር አይሞትም፦ በትንሽ ብር የድሮ ቪዲዮ ቤት ፊልም ሀዋሳ ላይ መስራት ለምትፈልጉ

ባለፈው ጥር አራት ሆነን 18 ደቂቃ ሚሆን ፊልም ሰርተን ነበር፣ "ደም መላሹ አባ ኮዳ" ይባላል፣ ታሪኩ አሞራ ገደል ላይ ዓሳ ሚነግድ አንድ ክፉ ሰውዬን ግዙፍ አባ ኮዳ እያሳደደ ሲበቀለው ነው፣ አዎ ያ ራሰ በራው ወፍ። ከዛ ወዲህ ያየው ሰው ሁሉ "ያ ጭረት ጭረት ሚለው ነገር በምን አፕ ነው? ደሙስ ከምን ነው? ስንት ፈጀ?" እያለ ሲጠይቀኝ አንዱን እየረሳሁ አንዱን እየመለስኩ ደከመኝ፣ ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልጻፈውና ልገላገል።

የፈጀውን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ እሱን ካልነገርኩ ማንም ወደታች አያነብልኝም። 14 ሺህ ብር ገደማ፣ ከዛ ውስጥ ከግማሽ በላይ ምሳ ነው። ቀልድ አይደለም፣ በነጻ ሚሰራላችሁ ሰው ምሳ ካልበላ ከሰዓት አይመለስም። የቀረው የባጃጅ ኪራይ፣ ጨርቅ፣ ቀለም፣ ስኳርና አንድ አሮጌ የቪዲዮ ዴክ ነው። ካሜራው ስልክ ነው።

አሁን የኛ አይነት ፊልም የመጣበት ኤክስፕሎይቴሽን ሚባለው ነገር ምን እንደሆነ። በተለይ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (በፈረንጅ ነው፣ ከዚህ በኋላም ካልነገርኳችሁ ዓመት ስጠራ በፈረንጅ ነው) አሜሪካ ውስጥ በትንሽ ብር ቶሎ ቶሎ ሚሰሩ፣ ሰው በምን ይደነግጣል በምን ይጓጓል ተብሎ እሱን ብቻ አጉልተው ሚሸጡ ፊልሞች ናቸው፤ ደም፣ ካራቴ፣ ጭራቅ፣ የመኪና ማሳደድ፣ በቀል። ሚታዩት ኒውዮርክ 42ኛ መንገድ ላይ በነበሩ የተጎሳቆሉ ሲኒማ ቤቶችና ሰው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ፊልም በሚያይባቸው ሜዳዎች ነበር። አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ ሚባለው ድርጅት እንደውም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ርዕስና ፖስተር ይሰራል፣ ገበያው ከወደደው ከዛ ነው ስክሪፕት ሚጻፈው። ዳይሬክተሩ ሮጀር ኮርማን ደግሞ በ1960 የወጣውን "ዘ ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ"ን ዋናውን ቀረጻ በሁለት ቀን ጨረሰው፣ ለሌላ ስራ የተገነባ ቤት ሳይፈርስ ደርሶበት። ይሄን ሁለት ነገር ያዙልኝ፣ ርዕስ ቀድሞ፣ ቦታ ቀድሞ። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ግን እንተማመን፣ እኛ 42ኛ መንገድን አናውቀውም። ብዙ ልጆች ሬትሮ (የድሮ መልክ ያለው) ፊልም እንስራ ሲሉ ያልኖሩበትን ናፍቆት ነው ሚሰሩት፣ ረዥም የአሜሪካ መኪና የለ፣ ሞቴል የለ፣ በረሃ ላይ ያለ ነዳጅ ማደያ የለ፣ ከዛ ዝም ብሎ ፋብሪካ የወጣ ፊልተር ይመስላል። እኛ ምናውቀው ቪዲዮ ቤት ነው። እኛ ሰፈር የነበረው የሰውዬው ሳሎን ነበር፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ከፊት ቲቪ ከስሩ ዴክ፣ ደጃፉ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ፣ "8 ሰዓት ኃይለኛ የካራቴ ፊልም፣ 10 ሰዓት የህንድ"፣ 50 ሳንቲም ከፍለን እንገባለን። ካሴቱ ስንት ጊዜ ከቅጂ ላይ እንደተቀዳ እግዜር ይወቀው፣ ቀዩ ቀለም ከሰውየው ልብስ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ይፈሳል፣ ከታች በኩል ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሲያዝ ባለቤቱ መጥቶ ዴኩን በጥፊ ይለዋል። የዋናውን ሰውዬ ስም ማንም አያውቅም፣ "አክተሩ" ነው። 30 ሰው ቢከበው አንጨነቅም፣ አክተር አይሞትማ። ሁልጊዜ ደግሞ ቀድሞ ያየው አንድ ልጅ ከኋላ ሆኖ "አሁን በመስኮት ሊገባ ነው!" እያለ ያበላሽብናል።

የኛ ሬትሮ ይሄ ነው። ፊልማችሁን ለዚህ ቤት ስሩት፣ ያኔ ያየው ሰው ሳያስበው ፈገግ ይላል።

ኡጋንዳ፣ ካምፓላ፣ ዋካሊጋ ሚባል ሰፈር ያለው ፊልም ሰሪ አይዛክ ናብዋና ይሄ ገብቶታል። በ2010 "ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ" ሚለውን አክሽን ፊልም ከ200 ዶላር ባልበለጠ እንደሰራው ይነገራል፣ ሄሊኮፕተሩ የኮምፒውተር ስራ እንደሆነ ከሩቅ ያስታውቃል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ቪጄ ሚሉት ተራኪ እንደኛ የኋላ ወንበር ልጅ እየጮኸ ያወራበታል። ዓለም ሙሉ ሳቀበትም ወደደውም፣ ምክንያቱም ማንንም አልኮረጀም፣ የራሱን ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነው የሰራው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ህግ

ታስቦበት የተበላሸና ሳይታሰብ የተበላሸ ይለያያል፣ ተመልካች ደግሞ በ10 ሰከንድ ውስጥ ነው ሚለየው። ምስሉ ቢንቀጠቀጥ፣ ቀለሙ ቢፈስ፣ ጭራቁ ከጃንጥላ እንደተሰራ ቢያስታውቅ ችግር የለውም። ንግግሩ ካልተሰማ ግን አለቀ፣ ሰው ስልኩን ያወጣል። ስለዚህ ጊዜያችሁን ድምጽ ላይ አጥፉ።

ሌላው፣ ተዋናዩ እንዳያሾፍ። እነዛ የድሮ ፊልሞች ሚያስቁት የሰሩት ሰዎች የምራቸውን ስለሆነ ነው። የኛ ነጋዴ ሆኖ የተወነው ልጅ መጀመሪያ ቀን ካሜራ ሲበራ በአይኑ "እኔም ሚያስቅ እንደሆነ አውቃለሁ" ይላል፣ ስድስት ጊዜ ቀርጸን ስድስቱንም ጣልነው። ሰባተኛው ላይ "አባትህን የገደለው ወፍ ነው፣ ሌላ ነገር አታስብ" አልኩት፣ ከዛ እንባው መጣ። ያቺ ሾት ናት ሰው መሬት ላይ ተንከባሎ ሚስቅባት።

ርዕስ፣ ቦታ፣ ከዛ ስክሪፕት

ርዕሱን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጻፉትና ደጅ አቁሙት፣ እውነቴን ነው፣ ሚያልፍ ሰው ቆሞ "መቼ ነው ሚታየው?" ካለ ርዕሱ ይሰራል። እኛ መጀመሪያ "የሐይቁ ምስጢር" ብለን ነበር፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። "ደም መላሹ አባ ኮዳ" ስንል የባጃጅ ሹፌሮች ፎቶ አነሱት። ደም መላሽ ሚለው ቃል ደግሞ የኛው ነው፣ ፈረንጆቹ ሙሉ ዘርፍ ያወጡለትን የበቀል ፊልም እኛ በሁለት ቃል ተርተን ጨርሰነዋል። (በነገራችን ላይ አዲስ አበባ መጀመሪያ ፊልም ይታይበት የነበረውን ቤት ሰው "ሰይጣን ቤት" ነበር ሚለው፣ ከዚህ የበለጠ የኤክስፕሎይቴሽን ርዕስ ማን ያወጣል።)

ከዛ ቦታ። ቁጭ ብላችሁ ስክሪፕት ጽፋችሁ ቦታ አትፈልጉ፣ በነጻ ምታገኙትን ቦታና እቃ ቆጥራችሁ እሱ ላይ ጻፉ። የኛ ዝርዝር እንዲህ ነበር፦ የአጎቴ ባጃጅ፣ የጓደኛዬ እናት ጓሮ፣ አንድ የጋራዥ ግቢ ከነቆሻሻ መኪኖቹ፣ ታቦር ተራራ፣ የሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል። ታሪኩ ራሱ ከዛ ወጣ። ሀዋሳ እኮ ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ናት፣ ሌላው ሰው ጭራቅ በኮምፒውተር ሲሰራ እኛ ጋ ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል ሚያልፍ ወፍ ዓሳ ገበያ ውስጥ እንደ ደላላ ይመላለሳል።

አሞራ ገደል ጠዋት ነው፣ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ጀልባዎቹ ሲገቡና ዓሳው ሲበለት አባ ኮዳዎቹ ለትርፍራፊው ይሰበሰባሉ። ግን እዛ ሰው እንጀራው ላይ ነው፣ ካሜራ ይዛችሁ ዘው አትበሉ፣ መጀመሪያ ቀን ያለ ካሜራ ሂዱ፣ ዓሳ ብሉ፣ ምን ልትሰሩ እንደሆነ ንገሯቸው። እኛ እንዲህ ስላደረግን አንድ ዓሳ አጥማጅ አባት "የኔንስ ጀልባ ለምን አይበላውም?" ብለው ራሳቸው ሲን ጨመሩልን። ፊቱ እንዲታይ ማይፈልግ ሰው ካለ ዞር አርጉት፣ ክርክር የለም። ጀልባ ላይ ምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ ጉማሬ ቀልድ አያውቅም፣ ባለጀልባው "እዚህ ይበቃል" ካለ ይበቃል።

ወረቀት አትናቁ። ከቀበሌና ከአካባቢው ፖሊስ አንድ አንድ ደብዳቤ ያዙ፣ ኮፒውን ሁሉም ሰው ኪሱ ይክተተው። የግል ቦታ ከሆነ ከዘበኛው ጋር ሳይሆን ከሚወስነው ሰው ጋር ተነጋገሩ፣ እኛ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ 11 ቡና አዘን፣ አስተናጋጁ "ችግር የለውም" ብሎን፣ ሶስተኛዋ ሾት ላይ ማናጀሩ መጥቶ አስወጣን፣ ሜካፕ የተቀባው ልጅ ደም በደም ሆኖ በዋናው በር ሲወጣ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ እየገቡ ነበር። ድሮን ያለ ፈቃድ አትሞክሩ። ቤተክርስቲያንና መስጊድ፣ እንዲሁም ኢንዱስትሪ ፓርኩ አጥር አካባቢ፣ ተውት።

ጭራቁ

ሙሉውን አታሳዩት። ይሄን ህግ ሁሉም ያወራዋል ማንም አይጠብቀውም፣ ምክንያቱም ጭራቁን ለመስራት ሳምንት ለፍተህ አለማሳየት ያማል። የኛን ሳምንት ሙሉ ነው የሰራነው፤ ጭንቅላቱ ፊኛ ላይ በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ፣ ደርቆ፣ ሮዝ ቀለም ተቀብቶ፣ ላዩ ላይ ጸጉር እንዲመስል ቁርጥራጭ ሱፍ ጣል ጣል ተደርጎበት፤ ክንፉ የቀርከሃ አጽም ላይ ጥቁር ጨርቅና የአራት አሮጌ ጃንጥላ ሽቦ። ቀርከሃ ሲዳማ ውስጥ ቤት ሚሰራበት ነገር ስለሆነ ሚያጣምም ሰው አታጡም። ጠቅላላ ፊልሙ ላይ ግን ሙሉ አካሉ 9 ሰከንድ ነው ሚታየው።

የቀረውን ማን ሰራው? እውነተኞቹ አባ ኮዳዎች። ስልኩን መሬት ላይ አስተኙት፣ ሰፊውን ሌንስ ምረጡ፣ ወፉ አንድ ሜትር ላይ ተዋናዩ 15 ሜትር ላይ ይሁን፣ ወፉ ቤት ያህላል። በትልቅ ካሜራ ቢሆን አንዱ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል፣ የስልክ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ ቅርቡም ሩቁም አንድ ላይ ይጠራል፣ እዚህ ጋ ድህነታችሁ ይጠቅማችኋል። ወፉን ግን አታባሩት፣ አትያዙት፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁት፣ እኛ ለሁለት ሾት ሶስት ሰዓት ተቀምጠናል። እግሩን ለብቻ፣ አይኑን ለብቻ፣ አንገቱ ላይ ሚንጠለጠለውን ከረጢት ለብቻ ቅረጹ። ጥላም አትርሱ፣ ጃንጥላ ክንፉን ከጣሪያ ላይ ሆኖ አንድ ሰው ሲያወዛውዘው መሬት ላይ ሚያርፈው ጥላ ከጭራቁ ራሱ የበለጠ አስፈሪ ነው።

ቀረጻ

ስልኩን በሰከንድ 25 ፍሬም ላይ አርጉ፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን ሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ። ምክንያቱ መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ 30 ፍሬም ላይ ስትቀርጹ ቤት ውስጥ ያለው አምፖል ምስሉ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል ወይ መስመር ይሰራል። ብላክማጂክ ካሜራ ሚባለው አፕ ነጻ ነው፣ ይሄን ሁሉ በእጅ ያስተካክላል። ስልካችሁ ከቻለ 4ኬ ቅረጹ፣ መጨረሻ ላይ ለካሴት መልክ ስለምታሳንሱት በኤዲቲንግ ጊዜ ዙም ለማድረግ ቦታ ይኖራችኋል። ያ የድሮ ካራቴ ፊልም ላይ ፊት ላይ ጧ ብሎ ሚሄደው ዙም አለ አይደል፣ ኮምፒውተር ላይ ነው የሰራነው፣ ግማሽ ሰከንድ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ አልፎ እንዲመለስ አርጉት፣ ካሜራማን እጁ የሳተ እንዲመስል።

እኩለ ቀን ላይ አትቅረጹ፣ እዚህ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም አይን ጉድጓድ ይሆናል። ጠዋት ከ1 እስከ 3፣ ከሰዓት ከ9 ተኩል እስከ 12። የፍሪጅ ካርቶን ውስጥ ያለው ነጭ ፎም ምርጥ ሪፍሌክተር ነው።

ማታ ምትፈልጉ ከሆነ ቀን ቅረጹትና ማታ አስመስሉት። ድሮም ብር የሌለው ሁሉ እንዲህ ነበር ሚያደርገው። ፀሐይዋ ከተዋናዩ ጀርባ ትሁን፣ ሰማይ ፍሬም ውስጥ አይግባ፣ ብርሃኑን ሁለት ደረጃ ቀንሱት፣ ኤዲቲንግ ላይ ሰማያዊ ጨምሩበት። ሀሰት እንደሆነ ያስታውቃል። ያስታውቅ።

ድምጽ፣ እዚህ ጋ አትሰስቱ

ሀዋሳ ውስጥ ባጃጅ ማይሰማበት 10 ሰከንድ ካገኛችሁ ንገሩኝ። እኛ ሁለት ቀን ከታገልን በኋላ ሙሉውን ዳብ ለማድረግ (ንግግሩን በኋላ ለብቻ ቀድተን ለማስገባት) ወሰንን፣ ለካ ትክክለኛውም እሱ ነበር። የጣሊያንና የሆንግኮንግ ፊልሞች በዛን ዘመን አብዛኞቹ ያለ ድምጽ ተቀርጸው በኋላ ነው ድምጽ ሚገባባቸው፣ አፍና ቃሉ ማይገጥመው ለዛ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ቃና ላይ ቱርኮች በአማርኛ ሲጣሉ እያየ ስለኖረ ጆሮው ለምዶታል፣ ማንም ቅር አይለውም።

አሰራሩ ቀላል ነው። ስትቀርጹም በስልክ ድምጹን ያዙ፣ ለመመሪያ ይሆናችኋል። ከዛ ቁምሳጥን ውስጥ ልብሱ እንደተሰቀለ፣ ወይ ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናንባችሁ፣ ሁለተኛ ስልክ ከአፍ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ያዙና እያያችሁ ተናገሩ። እኛ ነጋዴውን፣ ፖሊሱን፣ ዶክተሩንና አንዲት አሮጊትን አንድ ልጅ ነው ዳብ ያደረገው፣ አሮጊቷ ላይ ድምጹን ቀጭን ለማድረግ እንኳን አልሞከረም። ከቪዲዮ ቤት የመጣ ሰው ይሄን ሲሰማ ይገባዋል።

ቡጢ ማለት እርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ፍራሽ ላይ መምታት ነው። አጥንት ሲሰበር የወንዶ ገነት ሸንኮራ ነው፣ ማይኩ አጠገብ ስበሩት፣ ከዛ ብሉት። ክንፍ ማለት ጃንጥላ ቶሎ ቶሎ መክፈትና መዝጋት ነው። አባ ኮዳ ራሱ ብዙ ጊዜ ሚያሰማው የመንቆሩን ኳኳታ ነው፣ ሁለት መክተፊያ በማጋጨት ሰራነው፣ አሁን እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ራሱ ይሰቀጥጠኛል።

ሙዚቃ ላይ፣ የድሮ ሸክላ አንስታችሁ አትለጥፉ። ይሄን ምለው ሁሉም ሰው ሬትሮ ሲባል የ60ዎቹንና የ70ዎቹን የአዲስ አበባ ሙዚቃ ስለሚያስብ ነው፣ ያ ኦርጋን፣ ያ ዋዋ ሚል ጊታር፣ የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን፣ በእርግጥም ለእንዲህ አይነት ፊልም የተሰራ ይመስላል፣ ግን ባለቤት አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ያቆየዋል። እና አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ፈልጉ፣ በየሰፈሩ ሰርግ ላይ ሚጫወት አለ። አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ቀስ ብሎ እየተመላለሰ እንዲጫወትላችሁ ንገሩት፣ እሱ ቅኝት ሰው ማስጨነቅ ይችልበታል። ለማሳደዱ ሲን ክራር በጊታር ኤፌክት አስገብተን ሞከርነው፣ ፊልሙ ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ምኮራበት እሱ ነው።

ደም

የኛ የመጀመሪያ ሙከራ በርበሬ በውሃ ነበር። አትሳቁ። ልጁ አይኑ ውስጥ ገብቶ ቀረጻው እዛው ቆመ፣ ግማሽ ቀን በወተትና በውሃ ስናጥበው ዋልን። ቀይ ስር ደግሞ ሲደርቅ ሀምራዊ ይሆናል።

ሚሰራው ይሄ ነው፦ ሁለት ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውሃ እስኪወፍር አፍሉት፣ ሲበርድ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሩ፣ ከዛ በጣም ትንሽ ኮኮዋ። ኮኮዋውን ካበዛችሁት እውነተኛ ደም ይመስላል፣ እኛ ግን እሱን አንፈልግም፣ የዛን ዘመን ደም እንደ በር ቀለም ደማቅ ቀይ ነው። ጥቁርና ነጭ ምትሰሩ ከሆነ ቀለሙ ምንም ስለማይል ዳይሬክተሩ ሂችኮክ በ1960 "ሳይኮ" ሚለው ፊልሙ ላይ ቸኮሌት ሽሮፕ ነው የተጠቀመው። ልብስ ላይ ሚፈስ ከሆነ ፈሳሽ ሳሙና ጣል አርጉበት፣ ለመታጠብ ይቀላል፣ አፍ ውስጥ ሚገባውን ግን ለብቻ ያለ ሳሙና አስቀምጡ፣ ብልቃጡ ላይ ጻፉበት። ሚፈነዳ ደም ከፈለጋችሁ ቀጭን ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ሸሚዝ ስር አርጉና ተዋናዩ ደረቱን ሲይዝ በእጁ ያፍርጠው። ርችት ወደ ሰው ገላ አታስጠጉ። የስኳር ደም ደግሞ ሐይቅ ዳር ዝንብና ጉንዳን ይጠራል፣ አስከሬን ሆኖ የተኛው ልጃችን ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሮጧል፣ አንዱን ፊልሙ ውስጥ ትተነዋል።

መሳሪያ ካለበት ደግሞ ከእንጨት ይሁን፣ የተቀባም ቢሆን ከግቢ አይውጣ። መንገድ ላይ ሽጉጥ ሚመስል ነገር የያዘ ሰው ሲሮጥ ያየ ሰው ፊልም ነው ብሎ አያስብም፣ ጥበቃውም አያስብም። የተኩሱን ብልጭታ ኤዲቲንግ ላይ ትጨምሩታላችሁ። ወይ እንደኛ አክተራችሁን የካራቴ ሰው አርጉትና ተገላገሉ።

ማበላሸት

እንግዲህ ሁሉም ሚጠይቀኝ ይሄን ነው። አፕ ከፍቶ "ቪኤችኤስ" (የድሮው ቪዲዮ ካሴት) ሚለውን መጫን ይቻላል፣ አንድ ሺህ ሰው የተጠቀመበት ያው ጭረት ያው ቦታ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ ድሮ ለምን እንደዛ ይሆን እንደነበር እወቁ፣ ከዛ በእጃችሁ አበላሹት።

የሲኒማ ፊልም ሪል (የፊልሙ ጥቅል) ላይ ጭረቱ ከላይ ወደታች ቀጥ ያለ ነው፣ ምክንያቱም ፊልሙ ፕሮጀክተሩ ውስጥ ወደታች ሲሄድ አንዲት አሸዋ ከተቀረቀረች መንገዱን ሙሉ ትፍቀዋለች፣ ስለዚህ ጭረቱ አንድ ቦታ ላይ ለተወሰነ ሰከንድ መቆየት አለበት፣ እንደ ዝናብ መዝነብ የለበትም። ፊልሙ ሲበጠስ ቆርጠው ነው ሚቀጥሉት፣ ስለዚህ ንግግር መሀል ላይ ጥቂት ፍሬም ሲጎድል ሰውየው ይዘላል። የአንዱ ሪል መጨረሻ ሲደርስ ቀኝ ጥግ ከላይ ክብ ምልክት ብልጭ ይላል፣ አንዱ 8 ሰከንድ ገደማ ሲቀረው ሁለተኛው 1 ሰከንድ ሲቀረው፣ ለፕሮጀክተር ሰውየው "ቀይር" ማለት ነው። ቀለሙ ደግሞ ወደ ቀይና ሮዝ ሚሄደው የዛን ዘመን ኢስትማንከለር ሚባሉት የቀለም ፊልም ቅጂዎች ላይ ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም ቀድሞ ስለሚጠፋ ነው። ይሄን ካወቃችሁ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም (ነጻው ይበቃል) ላይ ቀለሙን ራሳችሁ ታወርዱታላችሁ።

ካሴት ሌላ ነው። እዛ ቀለም ወደ ጎን ይፈሳል፣ ከስር የተጣመመ መስመር አለ፣ በተቀዳ ቁጥር ይደበዝዛል። እኛ እሱን ለማስመሰል አልደከምንም፣ በእውነተኛ ካሴት አሳለፍነው። ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ጋ አሮጌ ዴክ አገኘን፣ ሄዱን (ካሴቱን ሚያነበውን ክፍል) በአልኮል አጸዳልን፣ ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ ኮንቨርተር አድርገን አንድ የሰርግ ካሴት ላይ ቀዳንበት (ባለሰርጎቹ ፈቅደዋል፣ ዲቪዲ አላቸው)፣ ከዛ መልሰን ወደ ላፕቶፕ። ሁለት ጊዜ አድርጉት፣ ሶስተኛው ላይ ፊት አይለይም። መጨረሻ ላይ ከፊልማችን ቀጥሎ የሙሽሮቹ ኬክ ሲቆረጥ ይመጣል፣ አልቆረጥነውም።

ሁለቱንም ምትፈልጉ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፣ መጀመሪያ የሪሉ ጭረት ከዛ የካሴቱ መፍሰስ፣ ምክንያቱም ካሴቱ ነው ሪሉን የቀዳው። ፈስሶ የደበዘዘ ምስል ላይ ጥርት ያለ ጭረት ከታየ ስለ ነገሩ ማያውቅ ሰው ራሱ የሆነ ነገር ይከነክነዋል።

ምትተዉት ነገር

እነዛን ፊልሞች እወዳቸዋለሁ ግን ግማሹ ነገራቸው አስቀያሚ ነው፣ ሴት ልጅን ለማዋረድ ብቻ የተጻፉ ሲኖች አሉ፣ ሰውን በዘሩ ወይ በአካል ጉዳቱ ጭራቅ ሚያደርጉ አሉ። "ድሮ እንደዛ ነበር" እያላችሁ እሱን አትቅዱ። የጥቁር አሜሪካውያን አክሽን ፊልሞች በገነኑበት ጊዜ አንዱ፣ "ሻፍት ኢን አፍሪካ"፣ በ1973 በከፊል እዚሁ ኢትዮጵያ ነው የተቀረጸው። በዛው ሰሞን ደግሞ ፊልም ሰሪው ኃይሌ ገሪማ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር፣ እሱና ጓደኞቹ እንዲህ አይነቱን የሆሊውድ ጥቁር ሰው አንፈልግም ብለው በትንሽ ብር ሌላ ሲኒማ ጀመሩ፣ በ1976 የወጣውን "ምርት ሶስት ሺህ ዓመት"ንም በሁለት ሳምንት ነው የቀረጸው። ያው ትንሽ ብር፣ ያው ጥድፊያ፣ ፍጹም ሌላ ፊልም። እኔ ሁለቱንም ነው ማያቸው። ግን የኛ ፊልም ውስጥ አሮጊቷ ናት ወፉን ያሸነፈችው፣ አክተሩ ራሱን ስቶ ወድቋል። አልሞተም።

ያልቀረጻችሁት ሲን

ሶስተኛው ቀን ላይ አክተራችን ሻሸመኔ ስራ አገኘና ሄደ። ትልቁ ድብድብ፣ ታቦር ላይ ሊቀረጽ የነበረው፣ ቀረ። በ2007 አሜሪካኖቹ ዳይሬክተሮች ታራንቲኖና ሮድሪጌዝ "ግራይንድሃውስ" ሚለው ፊልማቸው ላይ "ሪል ጠፍቷል" ሚል ጽሑፍ አውጥተው ታሪኩን ዘለውት ነበር፣ መጀመሪያ እሱን ልንቀዳ አሰብን። ከዛ ካሜራማናችን "እኛ ጋ መቼ ሪል ጠፍቶ ያውቃል፣ መብራት ነው ሚጠፋው" አለ። እና ልክ አክተሩና ወፉ ተፋጠው ሊዋጉ ሲሉ ቲቪው ጧ ብሎ ይጠፋል፣ 40 ሰከንድ ሙሉ ጥቁር፣ ድምጽ ብቻ፣ አግዳሚ ወንበር ሲንቋቋ፣ ፉጨት፣ "ብሬን መልስ!"፣ አንዱ ልጅ "እኔ አይቼዋለሁ ወፉ በጀርባው ይመጣል" እያለ ድብድቡን ሙሉውን ይተርካል፣ መብራት ሲመጣ አክተሩ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ሆስፒታል ነው። ፋሻው ውስጥ ያለው ሌላ ልጅ ነው።

ስታሳዩት ደግሞ ሊንክ ብቻ አትበትኑ። እኛ አንድ ካፌ ጓሮ ለምነን መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንን፣ አግዳሚ ከሰፈር እድር ተዋስን፣ ሰሌዳውን በጠመኔ ጽፈን ደጅ አቆምን፣ መግቢያ 10 ብር። ሰው ሞላ። ታቦር ላይ ሁለቱ ተፋጠጡ፣ ቲቪው ጠፋ፣ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ከዛ ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች "ብሬን መልስ" ሲሉ እውነተኞቹም አብረው መጮህ ጀመሩ፣ የካፌው ባለቤት ደግሞ ባትሪ ይዞ ቆጣሪውን ሊያይ ወጣ።